የአዳይቱ ካሴት

አፌ አያርፍም። ይህን ጠባዬን እናቴም፣ የሥራ ባልደረቦቼም፣ አዋሽ ሳለሁ ያከራዩኝ እትዬ ቦጋለችም ያውቁታል። ሰመራ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመቴ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ሙቀቱን ለመድኩ፣ አቧራውን ለመድኩ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ልብስ አጥቦ መጨረስን ለመድኩ። አፌን መዝጋት ብቻ አልለመድኩም።

ነገሩ የጀመረው አዋሽ ነው። እትዬ ቦጋለች ደወሉና «መንበርዬ፣ የፍቅረ ሥላሴን ኮምፒውተር መጥተሽ ውሰጂልኝ። ባየሁት ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል» አሉኝ። ባለቤታቸው ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ አዳይቱ አጠገብ በነበረ መጠለያ መዝጋቢ ነበሩ። ወላጅ አጠገባቸው የሌለ ሕፃናትን ስም፣ ዕድሜና የተላኩበትን ቦታ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። የመዝገቡን ወረቀት ሁሉ በኋላ ጎርፍ ወስዶታል። የተረፈው ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ የቆየው ኮምፒውተርና አንድ ካሴት ነው።

«ካሴቱ ላይ ምንድን ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ልጆቹ ናቸው» አሉኝ። «ፍቅረ ሥላሴ አንዳንዴ ቁም ሳጥኑን ይከፍትና ቆሞ ያየው ነበር። ከዚያ መልሶ ይዘጋዋል፣ ነፍሱን ይማረውና። አንድ ቀን እንኳ ሲያበራው አላየሁም።»

ኮምፒውተሩ ሲያዩት ወፍራም ቡናማ ኪቦርድ ብቻ ነው። ኮሞዶር 64 ይባላል። ስልሳ አራቱ የሜሞሪው መጠን ነው፣ በኪሎባይት። ስልኬ ላይ ካሉት ፎቶዎች አንዷ እንኳ አትገባበትም። ከካሴቱና ከካሴት ማጫወቻው ጋር ካርቶን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በሚኒባስ እየተንገጫገጭኩ ሰመራ ገባሁ።

የኮሌጁ በር ላይ ጥበቃችን ዳውድ ተቀበለኝ። «ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ። አዋሽ ምን አለ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለኝ። ዳውድ አፋር ነው፤ አፋር ከመንገድ የመጣን ሰው እንዲህ ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ዳጉ ይሉታል። ያየኸውን ያየሁት ብለህ፣ የሰማኸውን የሰማሁት ብለህ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ። የሰማህ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል፣ ከማን እንደሰማ ጨምሮ። ስለዚህ የሐሰት ወሬ ያቀበለ ሰው ስሙ አብሮት ይዞራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለተማሪዎቼ ስለ ኔትወርክ ሳስተምር በምሳሌነት እጠቅሰዋለሁ።

እያወቅኩ፣ ሳጥኑን መታ መታ አድርጌ፣ «የአዳይቱ መጠለያ ልጆች ስም እዚህ ውስጥ አለ። የት የት እንደተላኩ ሁሉ» አልኩት።

ገና አላበራሁትም እኮ! ካሴቱን አልሰማሁትም። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ተናገርኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ማለት ምንም አይደለም፤ ሰው ይሰማል፣ ይረሳል። ዳውድ ግን አልሳቀም፣ አልቀለደም። «አይተሽዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ክፍሌ ገብቼ መታጠብ ፈልጌ ነበር። «አዎ» አልኩት።

በማግስቱ ካሴቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ገባኝ። መጀመሪያው ላይ ያለው ክር ተጨማድዶ ተበጥሷል። ስሞቹን የሚያነበው የጋሽ ፍቅረ ሥላሴ ፕሮግራም እዚያ ላይ ነበር፤ ጠፍቷል። ከዚያ ቀጥሎ ስሞቹ በድምፅ መልክ የተቀዱበትን ክፍል ወደ ላፕቶፕ ለመቅዳት ትንሽ ሞከርኩ። የተቀዳው ስህተት ብቻ ሆነ፣ የማጫወቻው ራስ ላይ ደግሞ ቡናማ ዱቄት ቀረ። ዱቄቱ ከክሩ የረገፈ ነው። ስም ሊሆን ይችላል የረገፈው። ጣቴ ላይ አድርጌ አየሁት፣ ካሴቱንም አወጣሁት። እንግዲህ በራሱ ማሽን አንድ ጊዜ ቢያነብልኝ ነው። ሁለተኛ ዕድል ይኖራል ብዬ አላመንኩም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳውድ ላቦራቶሪ ድረስ መጣ። «ቲቸር፣ እንግዳ አለሽ። ከጭፍራ ነው የመጡት» አለኝ። ከኋላው ጥቁር ሻሽ የለበሱ፣ ቀጠን ያሉ ትልቅ ሴት ቆመዋል። ስማቸው ሃፍሳ ነው። ወንበር ሳቀርብላቸው መሬት ላይ ተቀመጡና ኮምፒውተሩን ሳይሆን እኔን ማየት ጀመሩ።

«ልጄ ኢስማኤል ነው» አሉኝ፣ የገበያ አማርኛቸውን ቀስ እያሉ። «ሦስት ዓመቱ። ነጩ ድንኳን ውስጥ አስተኙት፣ መድኃኒት ሰጡት። እኔ ወንዝ ማዶ እናቴን ላመጣ ሄድኩ። እዚያ ታመምኩ። ሁለት ወር ተኛሁ። ስመለስ ድንኳን የለም። ሰው የለም። አመድ ነው ያለው።» ሻሻቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አርባ ዓመት ጠየቅኩ። ማንም አያውቅም። አሁን አንዲት ሴት ስሙን አይታለች አሉኝ። የት እንደወሰዱት ንገሪኝ። ሞቶም ከሆነ ንገሪኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ምን እንደመለስኩላቸው በደንብ አላስታውስም። «እስከ ቅዳሜ ይጠብቁኝ» ያልኩ ይመስለኛል። ዳውድን ግን ኮሪደር ላይ ይዤ ቁጣዬን ለቀቅኩበት። «ማን አውራ አለህ? ማን ጥራ አለህ?»

«አንቺ አይቻለሁ አልሽኝ፣ እኔ አይታለች አልኩ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ከኔ የሰማው ሾፌር ነው። ዲቾቶ ድረስ ሰምተዋል አሁን። ሌሎችም ይመጣሉ። ከሌለ ንገሪኝና ወሬውን ልመልሰው። ሀፍረቱ የኔ ይሆናል፣ ወላሂ ችግር የለውም። እሷን ግን ዛሬውኑ ልንገራት።»

ንገራቸው ለማለት አፌን ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልሼ ዘጋሁት። የለም ብል ውሸት ሊሆን ይችላል፣ አለ ብል ውሸት ሊሆን ይችላል። «ቅዳሜ» አልኩት ብቻ። እማማ ሃፍሳ እስከዚያ ዳውድ ቤት በእንግድነት ቆዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ። ሳጥኑ ውስጥ በጋሽ ፍቅረ ሥላሴ እጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነበር፦ ስድስት መቶ ስምንት ስም፣ ለእያንዳንዱ ስልሳ አራት ባይት፣ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ። ልክ የገጠር መዝገብ ቤት ነው፣ አንዲት መስመር አልተጣመመችም። ችግሩ ቦታ ነው። ስሞቹ ክፍቱን ሜሞሪ ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል። ማሽኑ ከላቲን ሌላ ስለማያውቅ ደግሞ እሳቸው የአማርኛ ፊደላቱን እያንዳንዳቸውን በነጥብ በነጥብ ሠርተው፣ የቀረችውን ባዶ ቦታ ለእነሱና ለስክሪኑ አውለዋታል። ስሞቹን የሚያወጣው የኔ ኮድ የት ይግባ? ስሞቹ በሚያርፉበት ባኖረው፣ ካሴቱ ሲገባ ይጨፈልቀዋል።

የቀረው አንድ ቦታ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሮም የሚባል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የተጻፈና የማይሰረዝ ክፍል አለ። ሮሙ ከተቀመጠበት ሥር ሌላ የተሸፈነ ሜሞሪ አለ። በኪራይ ቤት የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ አልጋ ሥር ማለት ነው። ቁጥር ወደዚያ አድራሻ ስትጽፍ አልጋውን አልፎ ሥሩ ይገባል። ለማንበብ ስትሞክር ግን የምታየው አልጋውን ነው። ያስቀመጥከውን ለማየት ሮሙን ገለል ማድረግ አለብህ፤ እሱ ደግሞ ማሽኑን የሚያናግርህ ቋንቋ ራሱ ስለሆነ፣ ዝም ብለህ ብታነሳው ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።

ኮዱን በአሴምብሊ ጻፍኩት፣ ማሽኑ በቀጥታ በሚረዳው ቋንቋ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር ወጣው። ሮሙን ገለል አድርጎ ወደ ኮዱ የሚያሻግር ድልድይም ያስፈልጋል። እሱ ሰባት ቁጥር ብቻ ነው፤ 828 የሚባል አድራሻ ላይ አኖርኩት። ላፕቶፔ ላይ ድሮ የነበረውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ጭኜ ሁለት ቀን ሙሉ ተለማመድኩ። በልምምዱ የውሸት ስሞችን ከፋይል እያስገባሁ ነበር፣ ከካሴት አልነበረም። ሁሌም ሠራ። ደስ አለኝ፣ ተዝናናሁ እንኳ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው እንደ ምድጃ ሞቋል። ኮሞዶሩን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁ፣ ሁለቱንም መብራት ሲጠፋ ለስምንት ደቂቃ የሚያቆያቸው ዩፒኤስ ላይ ሰካሁ። እማማ ሃፍሳ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ የጸሎት መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃቸው፣ እጃቸው ላይ ነው። ዳውድ በሩ ላይ ቆመ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ቁጥር ወደ ሮሙ ሥር፣ ሰባቱን የድልድይ ቁጥር ደግሞ ወደ 828 ላክሁ። ከዚያ ልቤ አላስችል ብሎኝ የመጀመሪያውን አድራሻ አነበብኩ። 169 ያልኩበት ቦታ 148 አለኝ፤ ያነበብኩት አልጋውን ነው።

«ገባ?» አለኝ ዳውድ።

«ገብቷል» አልኩ፣ ከዚያ ቶሎ ብዬ «ማለት፣ አላየሁትም። እዚያ የሚገባ ነገር አይታይም። ገብቷል ብዬ አምናለሁ» አልኩ። እንዲህ መናገርን ከእሱ ነው የተማርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ካሴቱን አስገብቼ ማጫወቻውን አስነሳሁ። ፊደላቱ በአንድ ደቂቃ ገቡ። ቀጥሎ የስሞቹ ተራ ሲሆን ስክሪኑ ባዶ ሰማያዊ ሆነ። ይህ ማሽን ከካሴት ሲያነብ ምንም አያሳይም። እየገባ ይሁን፣ እየተበላሸ ይሁን ማወቂያ የለህም። የሚሰማው የማጫወቻው ሲርሲርታና የእማማ ሃፍሳ ከንፈር ብቻ ነው። አሥራ ሦስት ደቂቃ። ላቤ ኪቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ወደኋላ ተቀመጥኩ። በስምንተኛው ደቂቃ ላይ ካሴቱ ትንሽ ሲጢጥ አለ። ቀጠለ። በመጨረሻ ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ቆመ፣ ስክሪኑ ተመልሶ መጣ። ስህተት የሚል ቃል የለበትም። READY ይላል፣ ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው።

ድልድዩን መጥሪያ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ SYS 828። ጣቴ የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ሲያርፍ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለ። ሳልጫነው ቀረሁ።

828 ማለት ካሴት ሲነበብ መረጃው በቅድሚያ የሚያርፍበት ማቆያ ነው። የካሴቱ ስም የሚጻፈው እዚያው ላይ ነው። በልምምዴ ካሴት ስላልነበረ ማንም አልነካውም ነበር። አሁን ግን ድልድዬ ከተሰረዘ አሥራ አራት ደቂቃ ሆኖታል። ቁልፉን ብጫነው ኖሮ ማሽኑ የማይረባ ነገር እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ሲሮጥ ስሞቹን ይዞ ይጠፋ ነበር። ኮሌጅ መምህር ነኝ እኮ! ይህን ስህተት ተማሪ ቢሠራው ክፍል ፊት አስቆመው ነበር።

«ምን ሆነሽ?» አለ ዳውድ።

ሳልመልስለት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ ዩፒኤሱ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ።

እማማ ሃፍሳ ብድግ አሉ። «ሄደ?»

«አልሄደም፣ እናቴ። አለ። ስምንት ደቂቃ አለው» አልኩ፣ ወደ ዩፒኤሱ እያመለከትኩ። ስሞቹ ውስጥ ናቸው፣ ኮዱም ከሮሙ ሥር ነው፤ የሚያገናኛቸው ሰባት ቁጥር ብቻ ነው የጠፋው። አዲስ ፕሮግራም ብጽፍ ስሞቹ ላይ ይጻፋል። ግን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በቀጥታ ትእዛዝ ብልካቸው ምንም አይነኩም። 679 ላይ ማንም የማይጠቀምባት ጠባብ ቦታ እንዳለች አስታወስኩ። የድልድዩን ቁጥሮች የጻፍኩበትን ወረቀት ለዳውድ ሰጠሁት። «አንብብልኝ። ቀስ ብለህ። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት አለቀልን።»

«አንድ መቶ ስልሳ ዘጠኝ» አለ። ጻፍኩ። «ሃምሳ አራት።» ጻፍኩ። «አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። አንድ። ሰባ ስድስት። ዜሮ። አንድ መቶ ስልሳ።» በየመሃሉ ጣቴ ሌላ ቁልፍ ይነካብኛል፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሄደብኝ። SYS 679 ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና ተጫንኩ።

«ፊደል ነው» አለ ዳውድ።

ዓይኔን ስገልጥ ስክሪኑ በአማርኛ ተሞልቷል። ጠርዛቸው የተቆራረጠ፣ ደማቅ ፊደላት። አሥራ ሁለት ስም በአንድ ገጽ፣ ሃምሳ አንድ ገጽ። መፈለግ አልቻልንም፣ ጊዜ የለም፤ ወሬውን ዲቾቶ ድረስ የሰሙ ሌሎች ሰዎችም አሉ። «ስልክህን አውጣ። እኔ ገጹን እገልጣለሁ፣ አንተ ፎቶ አንሳ። አታንብብ፣ አንሳ ብቻ» አልኩት።

እማማ ሃፍሳ ከኋላችን ቆመው ፊደሎቹ ሲያልፉ ያያሉ። ማንበብ አይችሉም። ገጽ በተገለጠ ቁጥር «ይሄ ነው?» ይላሉ፣ በሹክሹክታ። እኔ ቀጣዩን ገጽ እገልጣለሁ። ሃያ። ሠላሳ አንድ። አርባ። የዩፒኤሱ ጩኸት ፈጠነ። ሃምሳ አንደኛውን ዳውድ ሲያነሳ ቴሌቪዥኑ ጭልም አለ፣ ኮሞዶሩም አብሮት። ወንበሬ ላይ ከተደገፍኩ በኋላ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት።

ውጭ ወጥተን የግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከዳውድ ስልክ ላይ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሰፋሁ ማንበብ ጀመርኩ። አንዳንዱ ስም ላይ ፊደል ጎድሏል፣ ክሩ የረገፈበት ነው። አራት ኢስማኤል አገኘሁ። የአንዱ አባት ሌላ፣ የሌላው ዕድሜ ዘጠኝ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«አባቱ ማን ነው ብለውኛል፣ እናቴ?»

«መሀመድአሚን።»

«ኢስማኤል መሀመድአሚን» ብዬ አነበብኩ። «ሦስት ዓመት። ግራ ክርኑ ላይ የእሳት ጠባሳ።»

እጃቸው የራሳቸውን ክርን ያዘ። «ምድጃ ነው» አሉ። «ምድጃ ላይ ወድቆ ነው።»

«ድኗል ይላል። በመኪና አዋሽ፣ ከአዋሽ በባቡር ድሬዳዋ። ሕፃናት ማሳደጊያ። የቤቱም ስም አለ።»

«ድኗል» አሉ። «ድሬዳዋ።» ቦታውን ለራሳቸው ደጋግመው ተናገሩት፣ እንዳይጠፋባቸው።

ከሥሩ አንዲት መስመር ቀርታለች። አንብቤያታለሁ፣ ጮክ ብዬ ግን አላነበብኳትም። ጋሽ ፍቅረ ሥላሴ እናቲቱን ጠብቀው ጠብቀው ሲያጡ የጻፏት መሆን አለባት። እዚያ ቁም ሳጥን ፊት ለምን ቆመው ይቀሩ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ለእማማ ሃፍሳ ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ ስልኩን ላጠፋ ስል ዳውድ ክንዴን ነካ አደረገኝ። እሱም አይቷታል።

«ቲቸር፣ ሙሉውን» አለኝ። «ቆርጠሽ አትስጫት።»

«እናት ሃፍሳ» ብዬ አነበብኩ። «ሞታለች።»

«ማን ነው የሞተ?»

«እርስዎ። እርስዎ ሞተዋል ብለው ነው የጻፉት። ለማሳደጊያውም እንደዚያ ነው የነገሩት።» ይቆጡ ይሆናል፣ ይረግሙ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን እረግም ነበር፤ አርባ ዓመት በቁማቸው የተቀበሩ ሴት ናቸው።

እማማ ሃፍሳ ስልኩን አዩት። «እናትህ ሞተች ነው ያሉት?» አሉ።

«አዎ።»

«ጥላህ ሄደች አላሉትም?»

«አላሉትም፣ እናቴ።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ፣ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አልሀምዱሊላህ። እኔ እኮ ትታኝ ሄደች እያለ ያደገ ይመስለኝ ነበር።»

ዳውድ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ቆይተው ሻሻቸውን ገለጥ አደረጉና በጣታቸው ወደ ስልኩ አመለከቱ።

«ያቺን የመጨረሻዋን ድገሚልኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው።